የእኛ ሰዎች የሚገቡበት ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አዲስ የወጣ ታሪካዊ ልብ ወለድ ገዝታ መጣች። ስለ ወላይታ ንጉሥ ነው። እናቷ ወላይታ ናት፤ ልጄ መጽሐፉን ያቀበለችኝ እንደ ድግስ ምግብ ነው። በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ከሰሜን የዘመቱት ወታደሮች ይገባሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ይሄዳሉ፤ አንዳቸውም ስም የላቸውም። የአያቴ አባት ከእነሱ አንዱ ነበር።

ቦምቤ የምትባለው የወላይታ ከተማ ትዝ አለችኝ። ወጣት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ የታችኛዎቹ ክፍሎች በወላይትኛ መማር የጀመሩበት ሰሞን ነው። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ ባድግም ቦምቤ ላይ ስሜ “አማራው መምህር” ነበር። የበልግ ዝናብ ቀዩን መንገድ ሲያጨቀየው ወደ ሶዶ መሄድ አይታሰብም፤ ከደወል በኋላ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።

እሁድ እሁድ በአከራዬ በጋሽ ዳና በረንዳ ላይ አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ይቀርባል፤ ጋሽ ዳና በወላይትኛ ያስረዳሉ፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ማብራሪያ መልሼ አብራራለሁ። ጀግናው ሲፎክር ሁሉም “አይዞህ!” ይሉታል። ወደ ደቡብ የሚዘምትበት ምዕራፍ የደረሰ ዕለት በረንዳው ሞላ።

አነበብኩ። መንደሩ በአንድ አንቀጽ ተቃጠለ፤ ጀግናው ፈረሱን ውኃ አጠጥቶ መንገዱን ቀጠለ።

“የእኛ ሰዎች መቼ ነው የሚገቡት?” አለች ጎረቤታችን አማረች።

“አልፈዋል።”

“የት?”

“‘ጠላት’ የሚለው ላይ።”

“እንግዲያው ስናጨበጭብ የከረምነው ለገዳያችን ነዋ!” አለችና ሳቀች። ጋሽ ዳና አልሳቁም።

“መምህር፣ እኛ ጋ ለቅሶ ላይ የሟቹ ጎሳ ይጠራል፣ ፈረሱ ይጠራል፣ ጀብዱው ይጠራል። አያቴ እዚያ ጦርነት ላይ ነው የቀረው። ስሙን ልንገርህ፤ አስገብተህ አንብበው።”

“ጋሼ፣ ልብ ወለድ የሚነበበው ደራሲው እንደጻፈው ነው። አንባቢ አይጨምርበትም” ብዬ በሥርዓት አስረዳኋቸው።

“ታዲያ ለማን ነው የጻፈው?”

በሚቀጥለው እሁድ ማንም አልመጣም። ማንም አልተጣላኝም፤ ሰላምታው እንደነበረ ነው፤ ጎደሬውም ክፍሌ ድረስ ይላክልኝ ነበር። ብቻዬን በላሁት።

ሕዝብ “እኛ” ማለትን እንዲህ ካሉ መጻሕፍት እንደሚማር ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። አሁንም አምንበታለሁ።

“እንዴት ነው አባዬ? የእኛ ታሪክ አይደል?” አለችኝ ልጄ መጽሐፉን ስመልስላት።

“ነው” አልኳት። የአያቴን አባት ስም ልነግራት አፌን ስከፍት፣ እሷ ስልኳን አንስታ ለጓደኛዋ ስለ ንጉሡ መተረክ ጀምራ ነበር።