ኦድኒ ሬሳ ያጣችበት ገና

አይስላንድ ውስጥ ለገና መጽሐፍ የማይሰጠው ሙት ብቻ ነው፤ ለእሱም ቢሆን መቃብሩ ላይ ጣል የሚያደርጉለት አይጠፉም። ኦድኒ ግን ሰጪ ስለሌላት ለራሷ ትገዛለች። ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ባሏ ትቷት ሄዷል፤ ድመቷም ብትሆን ጎረቤት ገብታ ቀርታለች። በዓመት አንዲት ደስታ አለቻት፦ የገና ዋዜማ በጭስ የደረቀ የበግ ሥጋዋን በልታ፣ ቸኮላቷን ይዛ አልጋ ውስጥ ትገባና የሃፍሊዲን አዲስ የወንጀል ልብ ወለድ ትከፍታለች። ሃፍሊዲ እሷ የምትኖርባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ልጅ ነው፤ በብዕሩ የፈጀው ሕዝብ ከነዋሪው ይበልጣል። ኦድኒም ገዳዩን ከመርማሪው ቀድማ ካልያዘች የበላችው አይፈጭላትም።

ያን ዓመት የደራሲውን ስም ብቻ አይታ ገዛች። ገለጠች፤ ግጥም! ያውም የፍቅር። «ደም» የሚል ቃል ስታገኝ ልቧ ዘለለ፤ የጽጌረዳ ቀለም ሆኖ ቀረ። እስከ መጨረሻው ገጽ የጠረጠረችው ጨረቃን ነበር፤ ያለ ምክንያት በየቦታው ብቅ የምትለው እሷ ናታ!

በበዓሉ ተዘግቶ የሰነበተው መዋኛ በተከፈተ ቀን፣ ከደጅ ያለው የፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ተገናኙ። በረዶው አናታቸው ላይ ይወርዳል። ቧንቧ ሠራተኛው ብሮዲም አለ።

«ኦድኒ፣ አነበብሽልኝ?» አለ ሃፍሊዲ፣ እንደ ተማሪ እየተሽኮረመመ።

«አነበብኩ። ማነው የሞተው?»

«ማንም። ልቤን ነው የጻፍኩት።»

«ልብህንማ ለሐኪም አሳይ! እኔ ምን ላድርግልህ?»

ብሮዲ ሲስቅ ውሃ ዋጠ። ሲያስለው ቆይቶ፣ «ኧረ ተዪው እባክሽ» አላት፤ «ለሟች ሚስቱ እኮ ነው የጻፈው።»

«አውቃለሁ፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ሬሳ እያለለት ነው እንግዲህ በጨረቃ የሚያደርቀን!»

ሃፍሊዲ ተነሣ፤ ቦርጩ እንደ ድስት ይተናል።

«እሺ» አለ። «ሬሳ ነው የፈለግሽው።»

በዓመቱ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ወጣ። ኦድኒ ቸኮላቷን እንኳ ሳትልጥ ጀመረችው። ሟቿ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ፍል ውሃ ገንዳ ውስጥ ሞታ፣ ያኮረፈች መስሏቸው ዋናተኞቹ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ሲያወሩ ሰንብተዋል። መርማሪው ከተማውን በሙሉ ጠየቀ፤ ሁሉም «ምነው ገዳዩ እኔ በሆንኩ» አሉት። እሱም ሰልችቶት ቤቱ ገባ። አለቀ።

ከተማዋ መጽሐፉን ተሻምታ ጨረሰችው። ኦድኒ ገንዳው ውስጥ ስትገባ ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

«አንቺ ሴት፣ ዘንድሮስ ሬሳ አገኘሽ?» አለ ብሮዲ።

እሷ ግን ሃፍሊዲን ነበር የምታየው።

«ገዳዩን አልነገርከንም» አለች። «ማን ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሃፍሊዲ። «ካንቺ በቀር የጠየቀኝ የለም።»