ያላስቃጠልኩት ሣር

ከቤታችን ጀርባ ያለው ጫካ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጎረቤታችን፣ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ያቃጥሉታል። እኔ እሳት እፈራለሁ። በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ በመጣን ሰሞን ጎጇችን ተቃጥላ እናቴ በነጠላዋ ጠቅልላ ነው ያወጣችኝ። ማንጎ የተከልኩ ጊዜ በእኔ በኩል እንዳይለኩሱ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን ካልተቃጠለ በጋው ሲበረታ እሳቱ ራሱ ይነሳል። ያኔ ማን ያጠፋል?» አሉኝ። ቢሆንም ተውልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቅ ሣር በደረቅ ሣር ላይ ሲተኛ እያየሁ ደህና የሠራሁ መሰለኝ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዛፍ ትማራለች። ባለፈው የካቲት የአባሎ ዛፎችን ቅርፊት ልትለካ ሜትር ይዛ ወደዚያው ጫካ ልትገባ ተነሳች። እዚህ አገር ቅርፊቱ ስስ የሆነ ዛፍ ዘር ሳይተካ ይቃጠላል፤ ወፍራሙ ተርፎ ያፈራል፤ ከስንት ትውልድ በኋላ ወፍራሙ በዛ፣ እያለች አስረዳችኝ።

«እሳት ነው የመረጣቸው፣ እማዬ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቶሎ ውጪ አልኳት፤ ገባች።

እኩለ ቀን ላይ በመንገዱ በኩል ጭስ ተነሳ። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። እሳቱ ከሣሩ አልፎ ቅርንጫፍ ሲይዝ ስሟን ጠራሁ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ልገባ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙ።

«ልጄ ውስጥ ናት» አልኳቸው።

«ብልህ ከሆነ የኔ ጋ ሄዷል። የኔ ጋ ሣር የለም» አሉኝ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

በወንዙ ዞረን ሮጥን። ልጄ እሳቸው ኅዳር ላይ ያቃጠሉት መሬት ላይ፣ ግንዳቸው ጠቁሮ ቅጠል ባወጡ ዛፎች መካከል ቆማ ታስላለች። እሳቱ እዚያ ድረስ መጥቶ የሚበላው አጥቶ ቆሟል። በእኔ በኩል ማንጎዎቹ አለቁ፤ ከወፍራሞቹ አባሎዎችም ሁለቱ እስከ ዛሬ አላቆጠቆጡም።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ልጄን አስቀድሜ በባጃጅ ወደ ከተማ ሸኘኋትና ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ክብሪቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት እንጨት ጫርኩ፤ ጠፉ። ሦስተኛውን እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው አብረን ጫርነው። ነበልባሉ ከጉልበቴ በታች ሆኖ እርጥቡን ሣር እያጨሰ ሲሄድ፣ መጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ ለማጥፊያ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዤ ከኋላው ተከተልኩት።