በፎርፌ የሰመረ ስለት

ዜናው የደረሰኝ ጣራ ላይ የማስታምማትን አሮጊት አንሶላ ሳሰጣ ነው። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ በቀሚሴ ኪስ ነው የምይዘው፤ በምሠራበት ቤት ስልክ ሲጮህ አይወዱም። ሲነዝረኝ አወጣሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት። መጀመሪያ የመጣው ከበሮ ነው። ከከበሮው ሥር የታናሽ እህቴ ድምፅ፣ በጩኸት ብዛት የሻከረ፦ «እታለም፣ አልወረድንም። ሰማሽ ወይ፣ አልወረድንም። ገብርኤል ሰማሽ። በይ ጃንጥላሽን እዘዢ።»

አንሶላውን እንደያዝሁ ተንበረከክሁ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ዐረብ አገር ነው የምኖረው፤ ምሥራቁን በፀሐይዋ አውቄ እሰግዳለሁ። እርጥቡ አንሶላ ጭኔ ላይ እንዳለ አለቀስሁ። ክለብ አልወረደም ብሎ የሚያለቅስ ሞኝ ነው የምትሉ ካላችሁ ያን ዓመት አላያችሁትም ማለት ነው።

ክለባችን በወሎዋ መካነ ሰላም ከተማ ካሉት ቡድኖች አንዱ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ያደግሁበት ቤት ጓሮ ከሜዳው ጎል ጀርባ ነው። በልጅነቴ ከአጥሩ ዘልሎ የሚገባውን ኳስ መልሼ የምወረውር እኔ ነበርሁ። እናቴ የጎመን መደቧ በተመታ ቁጥር «ዛሬስ በቢላ ነው የምቀደው» ትላለች፣ ቀድዳው ግን አታውቅም። ደጋፊ የሆንሁት እንዲያ ነው። መርጬው አይደለም፣ አጥር ለአጥር ስለሆንን ነው።

ያን የውድድር ዓመት የተከታተልሁት በእህቴ ስልክ ነው። እሷ የደጋፊው ከበሮ መቺ ናት። መስመሩ በሚሠራበት ሰንበት ስልኳን ከፍታ ከእግሯ ሥር ታስቀምጥልኛለች። ኳሱ አይታየኝም። የሚሰማኝ የደጋው ነፋስ ነው፣ ከበሮው ነው፣ ስድቡ ነው። ቆይቼ ውጤቱን ከስድቡ ማወቅ ለመድሁ። ስድቡ ከበረታ አቻ ነን። ዝም ካሉ ገብቶብናል። መሳቅ ከጀመሩ ሦስተኛው ገብቷል።

በዚያ ዓመት ብዙ ተሳቀ። የወሎ ሰው ሲከፋው በጨዋታ ነው የሚገድል። በረኛችንን «የአብርሃም ዘር ነው፣ እንግዳ አይመልስም» አሉት። አጅባር ሄደው አራት ገባባቸው፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና «አራት ሸምተው መጡ» ተባለ። ከወረኢሉ ተሸንፈው ሲመለሱ መኪናው ጭቃ ያዘው። አብሮ የሄደው ደጋፊ ወርዶ ዳር ቆመና «ሜዳ ላይ ያልሮጣችሁትን እዚህ ግፉ» ብሎ ልጆቹን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ አስገባቸው። አሰልጣኙ ማሻ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ስልኩን አጠፋ፣ የት እንደገባም አልታወቀ። የበረኛው አባት ደግሞ ሜዳ መምጣት ተወ። ሰው በልጁ ሲስቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዴት ይስማ። ይህን ሁሉ እህቴ እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። እኔም አልፎ አልፎ እስቅ ነበር፤ ሰው ከአገሩ ሲርቅ የአገሩ ስድብም ይጣፍጠዋል።

ከሁሉ የከፋውን የተሰደበው ግን የእኛ ልጅ አይደለም። የጎረቤት ከተማ ቡድን የክንፍ ተጫዋች ነው። የከተማውን ስም ተዉት፤ ልጆቹ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል። ይህ ልጅ በመጀመሪያው ዙር እኛ ሜዳ መጥቶ ሁለት አገባ። ሁለተኛውን ሲያገባ ሮጦ ወደ እህቴ ከበሮ መጣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ጎሉን ይቅር ያለ አለ፣ እጅ መንሣቱን ይቅር ያለ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ክለባችን ከማንም ጋር ይጫወት፣ የዚያ ልጅ ስም ይነሣል፤ ከስሙ ቀጥሎም በከበሮው ምት «እግሩን ይቁረጠው» ይባላል። እግሩን፣ ይቁረጠው። እግሩን፣ ይቁረጠው።

«ተይ እባክሽ፣ ክፉ ቃል አይውጣሽ» አልኋት እህቴን።

«መጣች ደግሞ መነኩሲት» አለችኝ። «ኳስ ሜዳና ቅዳሴ ለይተሽ እወቂ እንጂ፣ እታለም። ልጁ የት ሰማን፤ እንዲሁ ለማሞቂያ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ክለቡ ታች ተርታ ላይ ቁጭ አለ። ከወረደ ይበተናል የሚል ወሬ ተሰማ፤ ለሚወርድ ቡድን ማልያ የሚገዛ የለም። ያን ጊዜ ነው የተሳልሁት። ክለብ ሲበተን ልጆቹ የት እንደሚሄዱ እኔ አውቃለሁ። እዚህ ነው የሚመጡት፣ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር። በመንገድ የቀሩትን አላየሁም። የደረሱትን ግን አይቻለሁ፣ እሱ ይበቃል። ክለቡ ባይወርድ ለቅዱስ ገብርኤል ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ጃንጥላ አስገባለሁ አልሁ።

ለንስሐ አባቴ በስልክ ስነግራቸው አልወደዱልኝም።

«ለኳስም ስለት አለ እንዴ፣ ልጄ?»

«ሰው ለበሬውስ ይሳል የለም ወይ፣ አባቴ?»

«በሬማ ያርሳል።»

«እነዚህም ልጆች አገራቸው ላይ እንዲቀመጡልኝ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ አንዴ ከአፍሽ ወጥቷል። ለታቦት የተባለ አይታጠፍም» አሉኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከዚያው ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ነበር። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ያን ቀን በጨዋታው ሰዓት መስመሩ አልሠራም፤ ስሠራ ውዬ፣ አሮጊቷን አጥቤ፣ አንሶላዋን ይዤ ጣራ ላይ ስወጣ ነው ያ የከበሮ ድምፅ የደረሰኝ። ማታ ውጤቱን ስጠይቃት «ሦስት ለባዶ» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጨዋታ ሁለት ያላገባ ቡድን እንዴት ሦስት አገባ ብዬ አልመረመርሁም። የሰጠኝን ምን ብዬ ልመርምር።

ጃንጥላው ደሴ ተሠራ። ለሐምሌ ገብርኤል እህቴ አስገባችልኝና ቪዲዮውን ላከችልኝ። ዝናብ ነው፣ ነጠላው ሁሉ ርሷል። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያው «ክለባችን እንዳይወርድ ተስላ የሰመረላት፣ በስደት ያለች እህታችን» ሲል እልልታው ቀለጠ። ከእልልታው መካከል ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ አንድ የክለቡን ሻርፕ በነጠላው ላይ የጠመጠመ ጎልማሳ ወደ ስልኩ ጠጋ አለና «የኔ እመቤት፣ እጅሽ ይባረክ፤ ገብርኤል መኪና ገለበጠልን» አለ። በዙሪያው ያሉት በሳቅ ተንከተከቱ። የእህቴ እጅ ሲወዛወዝ ምስሉ ጠፋ።

ደወልሁላት።

«የምን መኪና ነው?»

«የሰው ወሬ ነው፣ እታለም።»

«የምን መኪና ነው አልሁሽ።»

«ያኔ... የነሱ ነዋ። ሲመጡ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተ።»

«እና ጨዋታው?»

«በፎርፌ ነው።»

ፎርፌ ማለት ተጋጣሚው ሳይመጣ ሲቀር ለመጣው የሚሰጥ ሦስት ጎል ነው። ያልተመታ ኳስ፣ ያልተነካ መረብ። ሦስት ለባዶ ያለችኝ አልዋሸችም። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣሁት። ደጋፊው ሞልቶ፣ ከበሮው ሞቆ ሲጠብቅ የጨዋታው ኮሚሽነር ወደ መሐል ሜዳ ገባ። ድምፅ ማጉያውን ይዞ መኪናቸው ተገልብጧል፣ የሞተ የለም፣ የተጎዱ አሉ፣ የክለባችን ኃላፊዎች ከፈቀዱ ጨዋታው ለሌላ ሳምንት ይዛወር አለ። ኃላፊዎቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዘወር ብለው ደጋፊውን አዩ።

«ደጋፊው ምን አለ?» አልኋት።

«ፎርፌ አለ።»

«ማን ጀመረው?»

«ሁሉም ነው። አንድ ላይ ነው የወጣው።»

«በከበሮ ነው?»

«በከበሮ ነው እንጂ።»

ከበሮውን ከእሷ ሌላ የሚመታ የለም። ሁለታችንም እናውቃለን። እሷም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የሞተ የለም ብለውናል እኮ። የሞተ ቢኖር እንጨፍር ነበር እንዴ? ሰው አይደለንም? ወላሂ ነው የምልሽ፣ አንድ ሰው ሞቷል ቢሉን ከበሮዬን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። ደግሞስ ለሳምንት ቢዛወር፣ ያ ልጅ መጥቶ ሁለት ሊያገባብን? አንቺ አይደለሽም እንዴ አትውረዱብኝ ብለሽ የተሳልሽው?»

«ያ ልጅስ?» አልኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ።

«ደሴ ወሰዱት።»

«እና?»

«ቆረጡት አሉ። ከጉልበቱ በላይ።»

ስልኩን ይዤ ተቀመጥሁ። ከወዲያ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። በመጨረሻ «እኛ ምን እናድርግ፣ እታለም፣ የተጻፈበት ነው» አለችና ሽሮዋ ሊገነፍልባት እንደሆነ ነግራኝ ሄደች።

ደጋፊዎቹ በስልክ የሚያወሩበት ማኅበር አላቸው፤ እኔንም ከስለቴ ወዲህ አስገብተውኛል። መጠየቄ በዚያው ቀን ደረሳቸው መሰለኝ ተቀባበሉኝ። አንዱ «እኛ በአፋችን ብቻ ነው የረገምነው፣ ያስፈጸመችው እሷ ናት» አለ። ሌላው «ለመጪው ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታችን ከማን ጋር እንደሆነ እንልክልሻለን፣ ጃንጥላውን ከወዲሁ አሠሪ» አለ። አንዱ ደግሞ ስለ ልጁ «ድሮስ የግራ እግር ብቻ አልነበር የነበረው» ብሎ ጻፈ። በግራው ስለሚመታ፣ የተቆረጠው ደግሞ ቀኙ ስለሆነ ነው። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። አንድ እስላም ጎረቤታችን ብቻ «አላህ ይማረን» አሉ። እሳቸውንም «ምነው ሸኽ፣ ዱዓዎ ከጃንጥላዋ አነሰ?» ብለው ሳቁባቸው። እሳቸው ያን ቀን ሜዳ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

እኔ መልስ አልጻፍሁም። ወደ ንስሐ አባቴ ደወልሁ።

«አባቴ፣ ጃንጥላውን ይመልሱልኝ።»

«ለታቦት የገባ አይወጣም፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ምን ሆኖ እንደገባ ለሰዉ ይነገርልኝ።»

«ሰዉማ ያውቃል። ለእኔ የነገረኝ ሰዉ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው እያወቀ ነው እልል ያለው። እሳቸው ግን በለሰለሰ ድምፅ ቀጠሉ። «ገብርኤል መኪና አይገለብጥም። ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ነው፣ የመኪናው ማርጀት ነው። በራስሽ ላይ አትፍረጂ።»

«ክለቡን ማን አተረፈው ታዲያ?»

«ደንቡ።»

«እንግዲያ እኔ ጃንጥላ ያስገባሁት ለደንቡ ነው?»

ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቅዳሴ ያደከማቸው ሰው ናቸው፤ ላስጨንቃቸው አልፈለግሁም። «ዳዊትሽን አታስታጉዪ» ብለው ዘጉት።

ዳዊቴን አላስታጎልሁም። ሳነብ ግን የሚጸናብኝ አንድ ሐሳብ ነው። ምስጋና ብዬ የላክሁት ያ ጃንጥላ የአንድ ልጅ እግር ስለተቆረጠ የገባ ከሆነ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይዘረጋል፣ በእኔ ስም። እኔ አውርጄ ልቀድደው አልችልም። ልጆቹ እንዲቀመጡ ነው የተሳልሁት ብዬ ራሴን እንዳላጽናና፣ ያ «እንግዳ አይመልስም» ያሉት በረኛ ክለቡ ከተረፈ በኋላ በጅቡቲ በኩል ወደዚህ ተነሥቷል። የደረሰ እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም። ማልያውን ለሌላ ሰጥተውታል። እህቴም ለከበሮዋ አዲስ ቆዳ አስወጥራለች። በየሰንበቱ ስልኳን ትከፍትልኛለች፤ አነሣዋለሁ፣ እህቴ ናት። የከበሮው ድምፅ ሲጀምር አሮጊቷ ጠራችኝ ብዬ እዘጋዋለሁ።

ስለዚህ ይህን የጻፍሁት ያን ቀን ሜዳው ላይ ለነበራችሁ ነው። በክለቡ አልፈርድም፣ በእናንተም አልፈርድም፤ እዚያ ብኖር የእኔ አፍ ምን ይል እንደነበር ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ኮሚሽነሩ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ «ፎርፌ» ሲል፣ በአጠገባችሁ አፉን ዘግቶ የቆመ ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ ወይም ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሄደ፣ እባካችሁ ስሙን ላኩልኝ። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን፣ እስላም ከሆነ የሚጠራበትን። አንድም ቢሆን ይበቃኛል። ስለቴን በዚያ ሰው ስም እንዲያስቡት የንስሐ አባቴን እግራቸው ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ማንም ካልነበረም ማንም አልነበረም በሉኝ፣ እችለዋለሁ።

እህትሽ ነበረች ብላችሁ ግን አትዋሹልኝ።