ንስር ልናይ ሄደን ዶሮ በላን

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጅማ

መልእክቱ «ልክ በ1 ሰዓት ኮረብታው ላይ እንገናኝ» ይላል። የላከልኝ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነው። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ የሰው ስም ማጥፋት አልወድም፣ ደግሞም ሰውየው በዚህ በኩል የእኔን እርዳታ አይፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከብርዳም አገር የተነሱ ንስሮችና ጭልፊቶች ከሸቤ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ እየዞሩ ከፍ ይሉና ወደ ደቡብ ያልፋሉ። አባ ፊጣ የሚባሉ ሽማግሌ ከልጅነታቸው ጀምረው ሲጠብቋቸው ኖረዋል። ዘንድሮ ግን አንድ ባለሀብት ኮረብታውን ፈልጦ ጠጠር ሊያደርገው ጠይቋል። የአባ ፊጣ ቤትና የቡና ማሳ ከኮረብታው ሥር ስለሆነ ድንጋዩ የሚወርደው እሳቸው ላይ ነው። ኃላፊው ዛሬ ወጥቶ በዓይኑ ያያል፤ ወፎቹ ካሉ ቦታው የወፍ መመልከቻ ይሆናል፣ ከሌሉ ለጠጠር ይሰጣል። እኔ ደግሞ ለጋዜጣ እንድጽፍ ተጋብዣለሁ። የአንድ ሽማግሌ ቤት በወፍ ሲፈረድ ለማየት ከአልጋዬ በጨለማ ተነሳሁ።

ሾፌሬ ታደሰ ይባላል። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ የሚናገር፣ አሮጌ ኮሮላውን ከእናቱ እኩል የሚወድ ጎልማሳ ነው። ትርፍ ጎማ መያዙን ጠየቅኩት።

«አለ ጋሼ» አለኝ። «እሱም ትንሽ ተበልቷል እንጂ አለ።»

12 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ላይ

ታደሰ ድንገት መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አንድ ጭልፊት መሳይ ወፍ ተቀምጧል። ይህን ወፍ ገዴ ይሉታል። ለመንገደኛ ነጭ ደረቱን ካሳየ ጉዞው ቀና ነው፤ ጀርባውን ከሰጠ ግን ተመለስ ማለቱ ነው። ወፉ ጀርባውን ሰጥቶናል።

«ትንሽ እንጠብቀው፣ ይዞር ይሆናል» አለ ታደሰ።

«እኔ የተቀጠርኩት ከኃላፊ ጋር ነው፣ ከወፍ ጋር አይደለም» አልኩት። ስማርት ስልክ ይዞ፣ የአየር ጠባዩን በስልኩ እያየ፣ መንገዱን ወፍ የሚጠይቅ ትውልድ! ይህን ሁሉ ነገርኩት። ታደሰ ማርሽ አስገብቶ ነዳ።

ሸቤ ላይ ጨጨብሳ በላን። ቅቤው በዝቶበታል፤ ሻዩ ስኳር ብቻ ነው። አስተናጋጇ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቃን ወፍ ልናይ ነው ስላት፣ «እዚያ ጣሪያ ላይ ሞልቶላችሁ» ብላ ሳቀችብን። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ የሚደመጥ ነገር የተናገረች እሷ ብቻ መሰለችኝ።

1 ሰዓት፣ ኮረብታው

በሰዓቱ ደረስን። ኃላፊው የለም። አንባቢ እንደማይደነቅ አውቃለሁ፤ እኔም አልተደነቅኩም።

አባ ፊጣ ግን አሉ። ነጭ ኮፍያ፣ ሽርጥ፣ ረጅም በትር። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊታቸው፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል። አንገቱን አጋድሎ በአንድ ዓይኑ ሽቅብ ሰማዩን ያያል። ሴቶቹ ዶሮዎች ከታች ቡናው ሥር ይጭራሉ።

«አካም ቡልታኒ፣ አባ ፊጣ» አልኳቸው። ያለችኝ ኦሮምኛ ይቺው ናት።

«አልሐምዱሊላህ። ኮቱ፣ ና ተቀመጥ ልጄ። ወፎቹ ገና ናቸው። መሬቱ ይሙቅ መጀመሪያ።»

«ታዲያ በ1 ሰዓት ና ያሉኝ ለምንድነው?»

«እኔ ለሰውዬው ከ5 ሰዓት በኋላ ነው ብዬዋለሁ። ንስር ከባድ ነው፣ ክንፉን ማድከም አይወድም። በጎጀብ ሸለቆ በኩል ሙቀቱ ሲነሳ እሱ ነው ተሸክሞ የሚያወጣው። በጠዋት ማን ይሸከመዋል?»

ወፉ እንኳ ሥራ የሚጀምርበትን ሰዓት ያውቃል ማለት ነው። ከእንቅልፌ የተቀነሰውን ጊዜ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

ወደ 4 ሰዓት ግድም አውራ ዶሮው አንገቱን መዘዘና ከጉሮሮው ረዘም ያለ ዝቅተኛ ድምፅ አወጣ። ሴቶቹ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ቡናው ውስጥ ገብተው ጸጥ አሉ።

«ንስር ነው» አሉ አባ ፊጣ። «አንድ ብቻ። በፀሐይ በኩል ነው፤ አየኸው?»

እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ፈለግኩ። እውነትም አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ በዝግታ ይዞራል። «አየሁት» አልኳቸው።

እሳቸው ቀና አላሉም። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የወፍ አዋቂው ወፍ አያይም። ሲያይ የሚውለው ዶሮውን ነው።» አንባቢን ያስቃል ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት።

5 ሰዓት ተኩል

ኃላፊው ነጭ ስኒከር ተጫምቶ መጣ። አብሮት ያለው ልጅ ሥራው እሱን ፎቶ ማንሳት ነው። ኃላፊው ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሩቅ እያየ ፎቶ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎ አፈር እየነካ ተነሳ፣ የአባ ፊጣን ትከሻ አቅፎ ተነሳ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ሎጅ ይታየኛል» አለ። ወፍ ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ የታየው ሎጅ ነው።

ወደ ምሳ ስንወርድ አባ ፊጣ ቤታቸው በር ላይ እኔን ለብቻዬ ጎተት አደረጉኝ። «ልጄ፣ በግ አለ። በእኛ እጅ የታረደ ነው። ትበላለህ ወይስ የክርስቲያን ላድርግልህ?»

ታደሰ ከአጠገቤ ነበር። «እኔ ሽሮ ካለ ይበቃኛል አባባ» አለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እርስዎም ሽሮ ይበሉ ጋሼ፣ አያስቸግሯቸው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር። መንገድ ዳር የሥጋ ሳምቡሳ ስገምጥ ማን እንዳረደው ጠይቄ አላውቅም። እንግዳ ስሆን ግን ክብር ይበዛብኛል። «የክርስቲያን ቢሆን ይሻለኛል» አልኩ።

«እንግዳ የፈለገውን ይበላል» አሉ አባ ፊጣ። ሴት ልጃቸውን ዘይነባን ጠሯት። በኦሮምኛ ተነጋገሩ። የዘይነባ ድምፅ ከፍ አለ፣ የሳቸው ዝቅ አለ፣ የሷ እንደገና ከፍ አለ። ስለ ሽንኩርት መሰለኝ። በመጨረሻ ታደሰ ቢላ ተሰጥቶት ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ ማንንም ሳያይ፣ መኪናው ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ።

ምሳው እስኪደርስ ኃላፊው ስለ ኢኮ ቱሪዝም አስተማረን። እነሱ የበግ ወጣቸውን በሉ። ለእኔ ብቻዬን የዶሮ ወጥ ቀረበልኝ። ወጡ ደህና ነበር፤ ሥጋው ግን ገመድ ነው። እግሩን ስታገለው ቆይቼ አንድ ጅማት ጥርሴ መሃል ገብቶ ቀረ። «ይቺ ዶሮ ዕድሜዋ ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም» ብዬ ቀለድኩ። ኃላፊው ሳቀልኝ። ዘይነባ ትሪውን ስታነሳ አልሳቀችም፤ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት ብዬ አለፍኩ።

7 ሰዓት ተኩል፣ እንደገና ኮረብታው

ሰማዩ ባዶ ነው። ኃላፊው በባይኖኩላሩ ትንሽ ቃኘ፣ አንገቴን አመመኝ አለ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። ልጁም ስልኩን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ሦስት ሰዎች ኮረብታ ላይ ቆመን ወደ መሬት እናያለን።

«አባባ፣ ወፎቹ የታሉ?» አለ ኃላፊው።

«ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።»

«መቼ? በየት በኩል? ያሳዩን እንጂ።»

 አባ ፊጣ ፊታቸውን ወደ ጉቶው አዙረው ጆሯቸውን ቀስረዋል። ጉቶው ላይ ምንም የለም። ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አለ ኃላፊው። በደንብ ሳቅኩ። ደብተሬ ላይም ሰፈረ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቱን አየና፣ «አላየንም ብለን እንጽፋለን፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ለአባ ፊጣ ሁለት እጁን ሰጥቶ ተሰናበተ። ሸቤ ላይ ቡና ጠጥቶ እንደሚያልፍ ነገረኝ። እኔም አብሬው በወጣሁ ነበር፤ የታደሰ ጎማ ተንፍሶ ተገኘ። ገዴ ተመለሱ ብሎን ነበር የሚል ፊት እያሳየኝ ክሪኩን አወረደ።

9 ሰዓት

ጎማው እስኪቀየር አንገቴን ላፍታታ ብዬ ቀና አልኩ።

ከጎጀብ በኩል፣ ከቡናው ጫፍ እስከ ደመናው ሥር፣ ሰማዩ በወፍ ተሞልቷል። እየዞሩ ይወጣሉ፤ ላይ የደረሱት ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያንቀሳቅሱ ወደ ደቡብ ይንሸራተታሉ፤ ከሥር ሌሎች ይተካሉ። መቁጠር ጀመርኩና ሰማንያ ላይ ጠፋብኝ። ድምፅ የላቸውም። ይህን የሚያህል ነገር በላያችን ሲያልፍ ቅጠል እንኳ አይሰማም። የተሰማኝ ደስታ ነው መሰለኝ፤ ብዙ ስለማላውቀው እርግጠኛ አይደለሁም።

አባ ፊጣ ድንጋያቸው ላይ ናቸው። ከበላያቸው ይህ ሁሉ እየዞረ እሳቸው ጉቶውን ያያሉ።

«አባ ፊጣ፣ አያዩም እንዴ?» አልኩ።

ዘይነባ ቡና ከሚሰጣበት አልጋ አጠገብ ሆና መለሰችልኝ። «አባቴ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት ሆነው። ከእንሰቱ ወዲያ አይታየውም። ሰማዩን የሚያይለት ዶሮው ነበር።»

«ዶሮውስ?»

«የክርስቲያን ብለህ የለም? ሴቶቹ ዶሮዎች ታቅፈው፣ ሌሎቹም ቡና ውስጥ ገብተው አልያዝ አሉኝ። ይሄ ግን ከጉቶው አይሸሽም። እምቢ አልኩት ወላሂ። እንግዳ ከቤቴ ሽሮ በልቶ አይወጣም አለኝ።»

 ታደሰ ከጎማው ሥር ቀና ሳይል፣ «ነግሬዎት ነበር ጋሼ» አለ።

አባ ፊጣ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ተዋት። መጡ እንዴ ልጄ?»

«መጡ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ሰማዩ አይታይም አባ ፊጣ።»

«ማሻአላህ» አሉ። ቀና አላሉም። 

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና ለኃላፊው ላክሁ። ወዲያው መልስ መጣ፦ «ሌንሱን ጥረገው፣ ነጠብጣብ አለበት።» ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

«ምን አለ?» አሉ አባ ፊጣ።

«እየተመለሰ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ጎማው እንደተቀየረ መኪናው ውስጥ ገባሁና ታደሰን ንዳው አልኩት።

9 ሰዓት ተኩል፣ ሸቤ

ኃላፊው ካፌ በረንዳ ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ «አላየንም» ብሎ የሚጽፍበትን ወረቀት ዘርግቷል። እኔ ከመኪና ወርጄ አስፋልቱ መሃል ቆምኩ። አንገቴን አጋደልኩ፤ ፀሐዩ ስለበዛብኝ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወደ ላይ እያየሁ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ቃል አልነበረውም።

መጀመሪያ መንገዱ ሁሉ እኔን አየ። ባጃጅ ቆመ። ጠዋት የሳቀችብን አስተናጋጅ ወጣች። ጆንያ የተሸከመ ሰው ጆንያውን አወረደና እኔ የማየውን ፈልጎ ቀና አለ፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ ኃላፊው ሲኒውን እንደያዘ ከበረንዳው ወረደና እሱም አየ።

ረጅም ጊዜ አየ። ልጁ ፎቶ ሊያነሳው ስልኩን ሲያወጣ፣ «እኔን ተወኝ፣ ላይ አንሳ» አለው። ወፎቹ በሸቤ ላይ ወደ ደቡብ ያልፋሉ፤ የመንጋው ጅራት ገና ከኮረብታው አልተነቀለም።

«መኪናውን አዙረው» አለ። ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ አባ ፊጣ ተመለሰ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ጅማ

ታደሰ በዝግታ ይነዳል። ጠዋት ጀርባውን የሰጠን ወፍ የነበረበት ምሰሶ ጋ ስንደርስ ሳላስበው በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ። ምሰሶው ላይ ምንም የለም።

«አንድ አውራ ዶሮ እንደዚያ እስኪለምድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዘይነባ ከጫጩትነቱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው አለች።» ጥቂት ነዳና፣ «እሳቸው ሰማንያ ሊሞላቸው ነው ጋሼ» አለኝ።

 ከተማው መብራቱን ሲያበራ ደረስን። ምሳ ላይ ጥርሴ መሃል የገባው ጅማት ግን በምላሴም በጥፍሬም ብሞክር አልወጣልኝም፤ አሁን ይህን ስጽፍም እዚያው ነው።