ከመኪናው የወረድኩ ዕለት

ትናንት እዚህ ሰፈራችን፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፖሊስ አንድ የኛ ልጅ አስቆመ። ልጁ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ንቅንቅ ሳይል ጠበቀ። ማን አስተማረው? እኔንማ ያስተማረኝ አስፋልቱ ነው።

በፈረንጆቹ ሰባዎቹ እዚህ ባሕር ማዶ ተማሪዎች ነበርን። ይህ ሰፈር ገና የሀበሻ ስም አልወጣለትም ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ የጃካራንዳው አበባ ረግፎ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል። እናቴ የላከችልኝን በርበሬ ሀምበርገር ላይ ነስንሰን በልተን ከዌስትቼስተር ሰፈር ስንመለስ የምነዳው እኔ ነኝ። አጠገቤ አስቴር፣ ከኋላ ጓደኛዬ ጌታቸው። አስቴርን እወዳት ነበር፤ በዚያው ሳምንት ልነግራት ቆርጫለሁ።

ከኋላችን የፖሊስ መብራት ብልጭ አለ። አዲስ አበባ ትራፊክ ሲያስቆምህ ምን ታደርጋለህ? ወርደህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ መንጃ ፈቃድህን ትሰጠዋለህ። ተቀምጦ መጠበቅ ንቀት ነው። እኔም እንዳደግሁት ወረድኩና እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ሰውዬው ሽጉጡን መዘዘ!

"መሬት ተኛ!"

ትኩሱ አስፋልት ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ። አስቴር ጮኸች። ጌታቸው ግን የሶሲዮሎጂ ተማሪ አይደል! እጆቹን በመስኮት እያሳየ፣ ድምፁን ሳያሻክር፣ "ጌታዬ፣ ስምዎንና የባጅ ቁጥርዎን ይንገሩኝ" አለው። ፖሊሱ ነገረው፤ መንጃ ፈቃዴንም አይቶ ለቀቀን። አስቴር ዞራ ጌታቸውን አየችው። እንዲያ እንድታየኝ ስንት ወር ተመኝቻለሁ! ቀናሁበት። የተዋረድኩት እኔ፣ ጀግናው እሱ!

በማግስቱ ጌታቸው "ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አቤት እንበል" አለ።

"ማን ሊሰማህ? ፖሊስ ፖሊስን ይከሳል እንዴ?" አልኩት።

"ኦኬ፣ ላይሰሙን ይችላሉ። ግን የማይጠየቅ ፖሊስ እንዴት ይታመናል?"

"እኔም እሄዳለሁ" አለች አስቴር።

ወይ ጉድ! ብቻቸውን ልልካቸው? ተከትያቸው ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ።

ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ፦ ፖሊሱ ጥፋት የለበትም። "አላልኩህም?" አልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ጌታቸው "ይግባኝ እንላለን" አለ። አስቴር ቦርሳዋን አነሳች። "ና፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ" አለችው። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ።

ይግባኙም አልሆነም። እነሱ ግን ተጋቡ፤ ዛሬ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ይኖራሉ። ጌታቸው አርጅቶም የሰፈር ስብሰባ ላይ እየተነሳ የፖሊስ ሹሞችን ይጠይቃል፤ እሷም ከአጠገቡ አትጠፋም። አይሰሙህም በማለቴ ሁለቱንም ጊዜ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልክ ሆኜ ብቻዬን ቀረሁ። እስከ ዛሬ እቀናበታለሁ፤ ግን አስቴርን ስለወሰደ ብቻ አይምሰላችሁ። ሁለቴ እምቢ ከተባለ በኋላ እንኳ ነገ ይሰሙኛል ብሎ ይተኛል። እንዲህ ያለ ልብ ከየት አመጣው?