ሙንተሃ በጠላት ወገን የተሰለፈችበት ቅዳሜ

ሙንተሃ መሃል ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ሥራዋን ስትጨርስ በዚያው ሞረድና በዚያው ቀጭን ብሩሽ አውሮፕላን ትሠራለች፤ መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ ብሎኑ ሳይቀር የሚታይ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ጠረጴዛው ላይ የኦጋዴንን ካርታ ዘርግተን፣ ዳይስ እየጣልን፣ የ1969ኙን ጦርነት በእነዚያ አውሮፕላኖች እንደገና እንዋጋለን። ሚስቴ "ያረጁ ሕፃናት" ትለናለች። ትበል።

ከመካከላችን ሰይፈሚካኤል የከተማችን ሐይቅ አጠገብ ካፌ ሲከፍት፣ ሙንተሃ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ኤፍ-5፣ የኢትዮጵያን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ለምርቃቱ ጌጥ ይሁን ብላ አዋሰችው። በመስታወት ሳጥን አስቀመጠው። እንግዶቹ "የማን እጅ ነው?" ሲሉት፣ እሷ እዚያው ማኪያቶ ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ ያለ ሀፍረት "የኔ" አለ። ስትጠይቀው ደግሞ ሳቀባት።

"ለአሻንጉሊት ነው እንዲህ የምትቆጪው?"

አውሮፕላኑንም አልመለሰም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሙንተሃ አልጮኸችም፣ ሽማግሌም አልላከች። "በዚያው አፉ፣ እዚያው ካፌ ውስጥ እውነቱን ሳላናግረው አልቀርም" አለችኝ። ዓይኗን አይቼ ለሰይፉ አዘንኩለት። ምን አባቴ እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ጨዋታችን ሰይፉ ራሱ ያወጣው ሕግ አለው፤ የተመታ አውሮፕላን የመቺው ይሆናል። የሶማሊያን ሚጎች መያዝ የሚፈልግ ስለሌለ ግን ሁልጊዜ ዕጣ እናወጣለን። የዚያን ቅዳሜ ሙንተሃ ዕጣውን ሳትጠብቅ ሚጎቹን ወደ ራሷ ሳበች።

"በገዛ አገርሽ ላይ?" አለ ሰይፉ እየሳቀ።

"ያኛውን አምጣና እንተያይ። ወይስ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ አሻንጉሊት ነው?"

ሁላችንም ሳቅን። ኩራቱ አላስቀምጠው አለ፤ ሄዶ አመጣው።

የቀሩት አውሮፕላኖች ሚጎቿን አንድ በአንድ ሲያራግፉባት ዞር ብላ አላየችም። ያንን ብቻ አሳደደች። የተረፋት የመጨረሻው ሚግ ከኋላው ሲደርስ ዳይሱ ስድስት አወጣላትና መታችው። ጦርነቱን ተሸነፈች፤ አውሮፕላኗን ግን ከመቆሚያው ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሷን ግን አልበቃትም። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ካፌው ሄዳ ባዶው ሳጥን ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ እኔም ትዕይንቱ እንዳያመልጠኝ እከተላታለሁ። ደንበኛ "አውሮፕላኑስ?" ባለ ቁጥር ሰይፉ "ለጥገና ወጥቷል" ይላል። ሙንተሃ ድምጿን ከፍ አድርጋ "የት ጋራዥ?" ትለዋለች።

አንድ ቀን መጥቶ ጎንበስ አለ። "ሙንቴ፣ በእናትሽ ይብቃሽ። ምን ላድርግ?"

"የዋሸኸው እነሱን ነው። ለእነሱ ንገራቸው።"

ዓይኗን ወደ ደንበኞቹ ወረወረች፤ ካፌው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰይፉ ቀና አለ፣ ላቡን ጠረገ።

"ያንን አውሮፕላን... የሠራችው እሷ ናት። እኔ ዋሽቼ ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ እንኳ አንገቴን ደፋሁ። ሙንተሃ ማኪያቶዋን በማንኪያ አማሰለች።

"አልሰማሁም" አለችው። "ድገመው።"