ዝናቡንም ሙቀቱንም ያነበበችው
ሰፈሩ የሚያውቃት «ወይዘሮ ደመና» በሚል ስም ነው። በአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ አንባቢ ነች። ድምጿ ወፈር፣ ረጋ ያለ ስለሆነ የምትለው ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ይመስላል። መዘዙን ያመጣባትም ይኸው ድምፅ ነው።

በጋው ሊገባ ሲል የወቅቱ የአየር ትንበያ ደረሳትና ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበችው። «መጪው በጋ በክልላችን ከመደበኛው በላይ በሆነ ከባድ ዝናብ ይጀምራል፤ ከዚያም ኃይለኛ ሙቀት ይተካዋል።» ከስቱዲዮ ወጥታ ቤቷ ሳትደርስ ዝናቡ ደረሰባት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ቀድማ ሰላምታ የነፈገቻት ፊት ለፊት ያለችው ልብስ አጣቢ ነች፤ የሰው አንሶላ ገመድ ላይ ሻግቶባታል። ዳቦ ጋጋሪውም «አሟረተችብን» ብሎ፣ ዳቦ ሲሸጥላት ፊቱን ወደ ምድጃው ያዞር ጀመር። ጣሪያ የሚጠግነው ቆርቆሮ ሠሪ ግን መንገድ አቋርጦ እየመጣ፣ «በርቺ የኔ እህት» እያለ ይጨብጣታል። ከኩርፊያው ይልቅ ያሳፈራት ይሄኛው ነው።

አንድ ቀን አማቷ የራሰ ጥጥ በሳፋ ተሸክመው ገቡ። ፍራሽ ሰፊ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔና አንቺ ተጣልተን አናውቅም» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እስቲ ለነገ ብቻ ተይልን። ጥጤን ላድርቅበት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አንባቢ ነኝ። የሚጽፉት ሌሎች ናቸው።»

«አንባቢ ከሆንሽማ ሌላ ነገር አንብቢ።»

እንዲያግዛት ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው፤ የቀባው ግድግዳ ሁሉ አልደርቅም ብሎት ቤት ከዋለ ሰንብቷል። «እናቴ ያለችው ክፋት የለውም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በማግስቱ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሬዲዮ ጣቢያ ሄዱ። ቢሯቸው ስለሚያፈስ ኃላፊው ጃንጥላ ዘርግተው ነው የተቀበሏቸው። ይስቁባቸዋል ሲባል፣ አንባቢዋን አስጠሩና፣ «እኔም ልጅ ልድር ነው፤ ድንኳን ተክያለሁ» አሏት። «ከነገ ጀምሮ ዝናቡን ስፖርት አንባቢው ያንብበው። አንቺ ለሙቀቱ ቆዪ።»

ስፖርት አንባቢው ዝናቡን እንደ ጎል እያጣደፈ ቢያነበው ወደ ካፊያ ወረደ። ዝናቡን ያመጣችው እሷ ስለመሆኗ የሰፈሩ ሰው ቅንጣት የቀረችው ጥርጣሬም ያኔ ጠፋችለት።

ቀጥሎ የሙቀቱ ተራ ደረሰ። እሷ ባነበበች ማግስት ፀሐይ ወጣች። የአማቷ ጥጥ ደረቀ፤ ልብስ አጣቢዋ ሳትጠየቅ መጋረጃዎቿን አጥባ፣ ተኩሳ አመጣችላት። ያን ዕለት ከቤት ስትወጣ ቀና ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ አድርጋ፣ ሰማዩን «ጎበዝ» አለችው።

ሙቀቱ ግን ማቆሚያ አጣ። አስፋልቱ ጫማ ያስቀር ጀመር። የጋጋሪው ሊጥ ምድጃ ሳይደርስ ኩፍ እያለ ይፈሳል፤ የባሏ ቀለም ባልዲው ውስጥ እንዳለ ይደርቃል። ቆርቆሮ ሠሪው ቆርቆሮውን መንካት አቅቶት ሰላምታውን አቆመ። አማቷ በሳህን እያራገቡ መጡ።

«መጠን አታውቂም እንዴ ልጄ?»

አዘነችላቸው። የሚቀጥለው ወረቀት «ሙቀቱ ይጨምራል» የሚል ነበር። የቻለችውን ያህል አለስልሳ አነበበችውና ከራሷ «አይዟችሁ» የሚል ጨመረችበት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ባሰ። ጎረቤቶቹ ቀልዳብናለች ብለው ኃላፊው ቢሮ ተመለሱ።

«ከትንበያው ተነስተሻል» አሏት ኃላፊው፣ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ። «የሐዘን ማስታወቂያውን ያዢ።»

«ኧረ እባክዎን፣ ስፖርቱን ይስጡኝ።»

«ስፖርቱ ሰው አለው።»

የመጀመሪያውን የሐዘን ማስታወቂያ በዚያ ወፍራም ድምጿ ካነበበች ወዲህ ያኮረፋት ሰው የለም። ጋጋሪው ትኩስ ትኩሱን መርጦ በሁለት እጁ ያቀብላታል። ልብስ አጣቢዋ ከሩቅ ስታያት ከወንበሯ ትነሳለች። ቆርቆሮ ሠሪውም ሁልጊዜ በመንገዱ ወዲያኛው ጥግ ነው የሚሄደው። አማቷ አዲስ የተሰፋ ትራስ ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ምሳ መብላቷን ጠየቁ።

«ድምፅሽ ደክሟል ልጄ» አሉ ጉልበቷን ዳበስ አድርገው። «ለምን ትንሽ እረፍት አትወስጂም?»

እሷም እረፍቱን ወሰደች። ሙቀቱ ትንበያው እንዳለው ቀጠለ፤ ደፍሮ የሚያነበው ግን አልተገኘም።